ፊቱን ያዞረው ማማ፦ የፌራራው ቶሬ ዴይ ሌኦኒ ታሪክ

እንደምን አመሻችሁ፣ የተከበራችሁ ታዳሚዎች።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ማማ ነው። ያለው በሰሜን ጣሊያን፣ ከቦሎኛ ወደ ቬኒስ በሚወስደው መስመር ላይ፣ ፌራራ በምትባል ከተማ ውስጥ ነው። ቶሬ ዴይ ሌኦኒ ይባላል፤ የአንበሶች ማማ ማለት ነው። ዛሬ ለብቻው ቆሞ አታገኙትም። የአንድ ትልቅ ቤተ መንግሥት ማዕዘን ሆኗል። ቤተ መንግሥቱ በቀይ ጡብ የተሠራ ነው፤ አራት ማማዎች አሉት፤ ዙሪያውን ውኃ የሞላበት ቦይ ከቦታል። ጣሊያኖች ካስቴሎ ኤስቴንሴ ይሉታል፤ የኤስቴ ቤተሰብ ግንብ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የምጠራቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ግንብ የተጻፈው ብዙው ነገር የሚያወራው ስለ ውበቱ ነው። ሥዕሎቹ፣ አዳራሾቹ፣ ዳንሱ፣ ግብዣው ይነገራሉ። እውነት ነው፣ ውብ ነው። እኔ ግን ይህ ቤት ከውበቱ በፊት የፍርሃት ቤት ነው እላለሁ። ማማው መኖሪያ ሲሆን ፍርሃቱም አብሮት ገባ። መጀመሪያ የሚጠብቀው ከውጭ ከሚመጣ ጠላት ነበር። ቀጥሎ ጌቶቹን ከገዛ ሕዝባቸው ይጠብቅ ጀመር። በኋላ ደግሞ ወንድምን ከወንድም። ታሪኩን በዚህ ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ፌራራ ያለችው በፖ ወንዝ ሜዳ ላይ ነው። ተራራ የለም፣ ኮረብታ የለም፣ የሚፈለጥ ድንጋይ የለም። ያለው ጭቃና ውኃ ነው። ስለዚህ ሰዉ ጭቃውን እየተኮሰ በጡብ ይሠራል። የሚሸሸግበት ተራራ የሌለው ከተማ ደግሞ ራሱን የሚጠብቀው በቅጥርና በማማ ነው። የአንበሶች ማማ የከተማዋ ሰሜናዊ ቅጥር አካል ነበር። እዚያው አጠገቡ ያለውን በር ይጠብቃል። ወታደር ይወጣበታል፣ ሩቅ ያያል፣ ጠላት ሲመጣ ደወል ይደወላል። ሥራው ይኸው ነበር፤ ፊቱ ወደ ውጭ ነው።

የኤስቴ ቤተሰብ ደግሞ ከ1264 ጀምሮ የከተማዋ ጌታ ነው። የሚኖሩት ማማው ውስጥ አልነበረም። ከካቴድራሉ ፊት ለፊት፣ ገበያው መሃል፣ ሕዝቡ በሚያልፍ በሚያገድምበት ቦታ ላይ ነበር ቤታቸው። ያ ሕንፃ ዛሬ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ነው። በሩ ለአደባባዩ ቅርብ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ምክንያቱም 1385 ላይ የሆነው ነገር የሆነው በዚህ ቅርበት የተነሳ ነው።

በዚያን ጊዜ ገዢው ማርኬዝ ኒኮሎ 2ኛ ነበር። ወንዙ ሞልቶ እርሻውን በልቶታል፤ ሕዝቡ ተርቧል። ግብር ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። የግብሩ ኃላፊ ቶማሶ ዳ ቶርቶና ይባላል። ሕዝቡ ማርኬዙን አልጠላም፤ ወይም ጠልቶም ቢሆን አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ስሙን እየጠራ የሚረግመው ቶማሶን ነው። ይህ በብዙ አገር ያለ ነው፤ ጌታው ያዛል፣ ሰብሳቢው ይጠላል።

ግንቦት 3 ቀን 1385 ሕዝቡ ተነሳ። የግብር መዝገቦቹን አወጡና አቃጠሉ። ከዚያ ወደ ማርኬዙ ቤት ሄደው «ቶማሶን ስጡን» አሉ። ኒኮሎ በሩ ላይ ሕዝብ ቆሞ፣ ከውስጥ በቂ ወታደር የለውም። ለማረጋጋት ሞከረ፤ አልሆነም። በመጨረሻ አገልጋዩን ንስሐ አስገብቶ፣ ቁርባን አስቀብሎ፣ ለሕዝቡ አሳልፎ ሰጠው። ሰውዬውን አደባባይ ላይ ገነጣጠሉት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቶማሶ የሠራው የታዘዘውን ነው። ግብሩን የጫነው ጌታው ነው። ጌታው ግን በሕይወት ኖረ፤ ስሙም በግንቡ ታሪክ ውስጥ «መሥራች» ተብሎ ይጠራል። ይህን ግንብ የሚያሞግስ ማንም ሰው ቶማሶን ሳይጠራ ማለፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ። የሕንፃው መነሻ ምክንያት የእሱ ሞት ነው።

ኒኮሎ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ገባው። ቤቱ ከሕዝቡ አይከላከለውም። ማስመሰል ትቶ ምሽግ ሊሠራ ወሰነ። ገንዘብ አልነበረውም፤ ከማንቱዋው ገዢ ከፍራንቼስኮ ጎንዛጋ 25,000 ዱካት ተበደረ። ባርቶሊኖ ዳ ኖቫራ የሚባል መሐንዲስ ቀጠረ። መስከረም 29 ቀን 1385፣ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ሚካኤል በዓል ዕለት፣ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ከአመፁ ገና አምስት ወር አልሞላም። በዓሉም ስሙን ለምሽጉ ሰጠው፤ የቅዱስ ሚካኤል ግንብ ተባለ።

ባርቶሊኖ ከባዶ አልጀመረም። የአንበሶችን ማማ አንድ ማዕዘን አደረገው። ሦስት አዳዲስ ማማዎች ሠራ፤ ማርኬዛና፣ ሳን ፓኦሎና ሳንታ ካተሪና ይባላሉ። አራቱን በወፍራም ግድግዳ አያያዛቸው፤ ዙሪያውን ቦይ ቆፈረ፤ በሮቹ ላይ ተነሺ ድልድይ አደረገ። ከድሮው ቤት እስከ ምሽጉ ድረስ ደግሞ ከፍ ያለና ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ተሠራ። ጌታው አደባባዩ ላይ እግሩን ሳያሳርፍ ከቤቱ ወደ ምሽጉ መግባት ይችላል።

ቦታውን አስቡት። ምሽጉ በከተማዋ ጠርዝ ላይ ነው። በአንድ ወገን ከተማዋን ያያል፤ በሌላው ወገን ወደ ገጠሩ ክፍት ነው። ሕዝቡ ቢነሳ ጌታው በጓሮ ወጥቶ ይሄዳል። ወይም ከውጭ ወታደር ያስገባል። መቶ ዓመት ሙሉ ጀርባውን ለከተማዋ ሰጥቶ ሲጠብቃት የኖረው ማማ አሁን ፊቱን አዞረባት። አንድ ጡብ ሳይነቀል ሥራው ተገለበጠ።

መጀመሪያ ላይ ምሽጉ የወታደር ሰፈርና እስር ቤት ብቻ ነበር። እስር ቤቱ ከመሬት በታች ነው፤ መስኮቶቹ ጠባብ ናቸው። እዚያ ውስጥ ካለፉት ሁሉ ስማቸው የሚነሳው ፓሪሲና ማላቴስታና ኡጎ ናቸው። ፓሪሲና የማርኬዝ ኒኮሎ 3ኛ ሁለተኛ ሚስት ነበረች። ኡጎ ልጁ ነው፤ ከሌላ ሴት የወለደው። ሁለቱም በሃያዎቹ መጀመሪያ ገደማ ላይ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። ተዋደዱ፤ ተደረሰባቸው፤ ግንቦት 21 ቀን 1425 እዚያው ግንቡ ውስጥ አንገታቸው ተቀላ። ኒኮሎ ራሱ ከጋብቻ ውጭ የወለዳቸው ልጆች ብዛት ተረት ሆኖ ቀርቷል። ከፖ ወዲህም ከፖ ወዲያም ሁሉም የኒኮሎ ልጅ ነው እያለ ሕዝቡ ይዘፍንበት ነበር። ለራሱ የፈቀደውን ለሚስቱ በሞት ከለከለ።

ይኸው ኒኮሎ ነው 1438 ላይ ታላቁን የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በከተማው ያስተናገደው። የሮማው ፓፓ ኤውጄንዮስ 4ኛና የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 8ኛ ፌራራ መጥተው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤው ወደ ፍሎረንስ ተዛወረ። ከኢየሩሳሌም የተላኩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት 1441 ላይ የደረሱት ወደዚሁ ጉባኤ ነው፤ ያኔ ግን ጉባኤው ፍሎረንስ ነበር። ለጥቂት ዓመታት ተላለፉ እንጂ የእኛ ሰዎች ይህን ማማ ባዩት ነበር።

ምሽጉን ቤት ያደረገችው ሴት ናት። ኤሌኦኖራ ትባላለች፤ የኔፕልስ ንጉሥ ልጅ፣ በዚያን ጊዜ የከተማዋ ገዢ የነበረው የኤርኮሌ 1ኛ ሚስት። መስከረም 1476 ኤርኮሌ ከከተማው ሲወጣ የወንድሙ ልጅ ኒኮሎ በጭድ በተሸፈኑ ጀልባዎች ወታደር ደብቆ ገባ። ኤሌኦኖራ አራስ ነበረች፤ አልፎንሶ የተወለደው በሐምሌ ነው። ልጆቿን ይዛ በዚያ ጣሪያ ባለው መተላለፊያ ወደ ምሽጉ ሮጠች፤ ድልድዩም ተነሳ። ሕዝቡ ከወራሪው ጋር አልቆመም። ኒኮሎ ተያዘ፤ አንገቱ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የኤስቴ ደም ነውና ጭንቅላቱ ተሰፍቶለት በክብር ተቀበረ።

በሚቀጥለው ዓመት ኤሌኦኖራ ጠቅልላ ወደ ምሽጉ ገባች። ምሽጉ ቤት የሆነው እንግዲህ በዚህ መንገድ ነው፤ አንዲት እናት ከመሸሺያዋ መውጣት ፈራች። ክፍሎች ተስተካከሉላት፤ ወጥ ቤት ተሠራ፤ ከአንበሶች ማማ አጠገብ፣ ከፍ ብሎ፣ ብርቱካን በማሰሮ የሚተከልበት የአትክልት ቦታ ተጀመረ። የሰሜን ጣሊያን ክረምት ለብርቱካን አይሆንም። ብርድ ሲመጣ ተክሎቹን ወደ ውስጥ ያስገቧቸዋል። ዛሬም ያንን ቦታ ታያላችሁ፤ ከታች እስር ቤት፣ ከላይ የብርቱካን ሰገነት።

ከ1492 ጀምሮ ኤርኮሌ ሌላ ነገር አደረገ። ቢያጆ ሮሴቲ በሚባል መሐንዲስ ከተማዋን ወደ ሰሜን አሰፋት፤ ቅጥሩን አርቆ ወሰደው። ጠርዝ ላይ የነበረው ምሽግ በአንድ ጊዜ መሃል ከተማ ሆነ። ማማው ከዚህ በኋላ የሚጠብቀው ቅጥር የለውም፤ ወደ ገጠርም የሚያስወጣ ጓሮ የለውም። አሮጌው ሥራው ያኔ አለቀ። ቀጥ ያሉት ሰፋፊ መንገዶች ዛሬም አሉ፤ ዩኔስኮ በ1995 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዋናው ምክንያት ይህ የከተማ ፕላን ነው።

አሁን ወደ አልፎንሶ 1ኛ እንምጣ፤ ያ በእናቱ እቅፍ ወደ ምሽጉ የሮጠው ሕፃን። የሉክሬዚያ ቦርጂያ ባል ነው። ከሁሉም በላይ መድፍ ይወዳል፤ በገዛ እጁ ቆሞ ያስቀልጣል። 1511 ላይ ቦሎኛ ውስጥ ማይክል አንጄሎ የሠራው የፓፓ ዩሊዮስ 2ኛ የነሐስ ሐውልት ተሰበረ። አልፎንሶ ነሐሱን ወስዶ መድፍ አደረገውና በፓፓው ስም ጁሊያ ብሎ ጠራት። ይኸው ሰው ደግሞ ለሥዕል የሚያስፈልገውን አልነፈገም። በመተላለፊያው ላይ ለራሱ ትንንሽ የግል ክፍሎች አሠራ። አንቶኒዮ ሎምባርዶ በነጭ እብነ በረድ ቀረጸለት። ጆቫኒ ቤሊኒ የአማልክቱን ግብዣ ሣለለት፤ ቲሺያን ሦስት ትላልቅ ሥዕሎች ሠራለት። በዚያን ዘመን አውሮፓ ውስጥ እነዚህን ክፍሎች የሚስተካከል አልነበረም ቢባል ማጋነን አይደለም።

አልፎንሶ እነዚያን ሥዕሎች ሲያይ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ግን ሁለት ወንድሞቹ እዚያው ግንብ ውስጥ፣ በአንበሶች ማማ ታስረው ነበር። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዋናነት ይህን ልነግራችሁ ነው።

ወንድማማቾቹ ብዙ ናቸው። አልፎንሶ መስፍኑ ነው። ኢፖሊቶ ካርዲናል ነው። ፌራንቴ አለ። ጁሊዮ ደግሞ አባታቸው ከጋብቻ ውጭ የወለደው ነው። የሉክሬዚያ ዘመድ የሆነች አንጄላ ቦርጂያ የምትባል ወጣት ነበረች። ካርዲናሉም ጁሊዮም ወደዷት። እሷ የካርዲናሉ ሙሉ አካል ከጁሊዮ ዓይን አይበልጥብኝም አለች ይባላል። ኅዳር 1505 ጁሊዮ በፈረሱ ብቻውን ሲመለስ ካርዲናሉ ከአገልጋዮቹ ጋር መንገድ ላይ ጠበቀው። «ዓይኑን አውጡ» ብሎ አዘዘ። በጩቤ ወጉት። አንዱ ዓይኑ ጠፋ፤ ሌላው በሐኪሞች ጥረት ደብዝዞ ተረፈ።

አልፎንሶ ምን አደረገ? ካርዲናሉን ለጥቂት ጊዜ ከከተማው አራቀው፤ ከዚያ መለሰው። ሰላም ፍጠሩ አላቸው። ካርዲናሉ ለፖለቲካው ያስፈልገው ነበር። ፍትሕ ያጣው ጁሊዮ ከፌራንቴና ከጥቂት ሰዎች ጋር አልፎንሶንና ኢፖሊቶን ለመግደል አሴረ። 1506 ላይ ተደረሰባቸው። ጁሊዮ እህታቸው ኢዛቤላ ወዳለችበት ወደ ማንቱዋ ሸሸ፤ እንደማይገደል ተስፋ ተሰጥቶበት ተመለሰ። ሌሎቹ ሴረኞች አደባባይ ላይ ተገደሉ። ሁለቱ ወንድማማቾች ደግሞ መግደያው ተዘጋጅቶ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ሞታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

ፌራንቴ 34 ዓመት ታስሮ 1540 ላይ እዚያው ሞተ። ጁሊዮ ቀጠለ። አልፎንሶ 1534 ላይ ሞተ፤ ልጁ ኤርኮሌ 2ኛ ነገሠ፤ አጎቱን አልፈታም። ኤርኮሌም 1559 ላይ ሞተ። የኤርኮሌ ልጅ አልፎንሶ 2ኛ ሲመጣ ነው የማማው በር የተከፈተው። ጁሊዮ 53 ዓመት ታስሮ በ81 ዓመቱ ወጣ። የለበሰው የሃምሳ ዓመት በፊት ፋሽን ነበር ይባላል፤ የከተማው ሰው እየቆመ ያየው ነበር። ሁለት ዓመት ኖሮ 1561 ላይ አረፈ።

53 ዓመት! ቲሺያን ሥዕሎቹን ሲያደርስ ጁሊዮ እዚያ ነበር። ሉክሬዚያ ስትሞት እዚያ ነበር። ከላይ ሙዚቃ ሲመታ እዚያ ነበር። ዓይኑን ያወጣው ካርዲናል 1520 ላይ ካርዲናል እንደሆነ ሞተ። እኔ ይህን ታሪክ «የቤተ መንግሥት የፍቅር ታሪክ» እያሉ ማጣፈጥ አይዋጥልኝም። የተበደለው ታሰረ፣ የበደለው ተሾመ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በዚያው ዘመን በካርዲናሉ ቤት የሚያገለግል አንድ ገጣሚ ነበር፤ ሉዶቪኮ አርዮስቶ። «ኦርላንዶ ፉሪዮሶ» የሚባለውን ረጅም ግጥሙን 1516 ላይ ፌራራ ውስጥ አሳተመ። ከጀግኖቹ አንዱ አስቶልፎ በሚበር ፈረስ ኢትዮጵያ ይደርሳል። ንጉሡ ሴናፖ ይባላል፤ ፈረንጆች ፕሬስተር ጆን ይሉት የነበረው ነው። ሀብታም ነው፤ ግን ዓይነ ስውር ነው። ማዕድ በቀረበለት ቁጥር ክንፍ ያላቸው ጭራቆች እየመጡ ይነጥቁታል፣ ያረክሱበታል። አስቶልፎ ያባርርለታል። አርዮስቶ ይህን ሲጽፍ ጁሊዮን አስቦ ነው አልልም። ግን ባለቅኔው ስለ እስረኞቹ ዝም አላለም። በዚያው ግጥም ውስጥ ሁለቱን ምስኪኖች አንስቶ፣ የአንድ አባት ልጆች ናችሁና ፍትሕ ለምሕረት ቦታ ይልቀቅ ሲል ይማጠናል። ከጌታው ማዕድ እየበላ ይህን መጻፉ ቀላል ድፍረት አይደለም። መጽሐፉ በመላው ጣሊያን ተነበበ። ምሕረቱ ግን አልመጣም።

ከዚህ በኋላ ያለውን አጠር ላድርገው። 1554 ላይ እሳት ተነሳ። ጂሮላሞ ዳ ካርፒ ሲጠግነው የምሽጉን ጥርስ የመሰለ ጫፍ አንስቶ በነጭ ድንጋይ የተሠራ መደገፊያ ያለው ሰገነት አደረገበት። ዛሬ ከሩቅ ስታዩት ከታች ምሽግ፣ ከላይ ቤተ መንግሥት የሚመስላችሁ ለዚህ ነው። ኅዳር 1570 ደግሞ ምድር ተንቀጠቀጠ፤ መንቀጥቀጡ ለዓመታት እየተመላለሰ ቆየ። ፒሮ ሊጎሪዮ የሚባለው የመስፍኑ ባለሙያ ያኔ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚቋቋም ቤት ንድፍ በወረቀት አወጣ። በዓለም ላይ ከሚታወቁት እንዲህ ያሉ ንድፎች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። በእድሳቱ ጊዜ የአዳራሾቹ ኮርኒስ በጨዋታ ሥዕሎች ተሞላ፤ ትግል፣ ዋና፣ ሩጫ፣ ኳስ። ሳላ ዴይ ጆኪ፣ የጨዋታዎች አዳራሽ ይባላል።

አልፎንሶ 2ኛ 1597 ላይ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ፓፓው የአጎቱን ልጅ ቼዛሬን ወራሽ ነው ብሎ አልተቀበለም። 1598 ላይ ቤተሰቡ ወደ ሞዴና ወጣ፤ ፌራራ የቤተ ክርስቲያን ግዛት ሆነች፤ ግንቡም የፓፓው እንደራሴ ካርዲናል መቀመጫ። የአልፎንሶ ሥዕሎች ወደ ሮም ተጫኑ። ከዚያ ተበተኑ። የቲሺያን «ባኮስና አርያድኔ» ለንደን ነው ያለው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ማድሪድ፣ ፕራዶ ውስጥ። የቤሊኒው ዋሽንግተን ነው። የሎምባርዶ እብነ በረድ ሴንት ፒተርስበርግ። በቦታቸው የቀሩት የክፍሎቹ ግድግዳዎች ናቸው። የጁሊዮ እስር ቤት ግን የሚወስደው ስላልነበረ እንዳለ አለ።

የግንቡ ደም በመካከለኛው ዘመን አላበቃም። ኅዳር 15 ቀን 1943 ሊነጋጋ ሲል ፋሺስቶች አንድ መሪያቸው ስለተገደለ ሊበቀሉ ወጡ። በዚያች ሌሊት ፌራራ ውስጥ 11 ሰዎች ገደሉ። አይሁዶች ነበሩባቸው፣ ፋሺስትን የሚቃወሙ ነበሩባቸው። አብዛኞቹ የተረሸኑት ከግንቡ ፊት፣ ከቦዩ ዳር ባለው አጥር ሥር ነው። መንገዱ ያኔ በሮም ስም ይጠራ ነበር፤ ዛሬ ኮርሶ ማርቲሪ ዴላ ሊበርታ፣ የነፃነት ሰማዕታት ጎዳና ይባላል። ግድግዳው ላይ ጽሑፍ አለ።

ግንቦት 20 ቀን 2012 ሌላ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን መታ፤ የግንቡ ማማዎችም ተጎዱ። ከዚያ ወዲህ ጥገና ተደርጎለታል። አሁን ሙዚየም ነው።

ከመካከላችሁ ጣሊያን የሚኖር ወይም የሚሄድ ካለ፣ ከቦሎኛ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከጣቢያው በእግር ይደረሳል። ብዙ ሰው ወደ ጨዋታዎች አዳራሽ ይቸኩላል፣ እስር ቤቶቹን ገልመጥ አድርጎ ያልፋቸዋል። እናንተ ታች ቆዩ። የጁሊዮ ክፍል ውስጥ ግቡ፤ መስኮቱን እዩ፤ የግድግዳውን ውፍረት በእጃችሁ ለኩ። ከዚያ ወደ ብርቱካኑ ሰገነት ውጡ፣ ሥዕሎቹንም እዩ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ አመሰግናለሁ።